የግራው ተራ

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ልጄ ዳዊቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ቀና ብላ አየችኝና "እማዬ፣ አባባ መስመር ይዘላሉ" አለችኝ፤ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እውነቷን ነው። አባቴ ዳዊቱን በቃሉ ሲያደርስ አንዱን መስመር በዜማ ይልና ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ያለውን ትቶ ሦስተኛውን ያነሣል። አርጅተው ነው፣ ረስተው ነው ብዬ ልሸነግላት አሰብኩና አፌ እንቢ አለኝ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከሞላሌ ወዲያ ባለው ቀያችን የማርያም ደብር መሪጌታ ነበር። ማኅሌት ሲቆም አገልጋዮቹ በሁለት ወገን ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። ቀኙን የሚመራው አባቴ፣ ግራውን የሚመሩት ደግሞ የኔታ ጥበቡ ነበሩ። ሴት ልጅ ነኝና በሴቶች በኩል ተንጠራርቼ ነበር የማያቸው። ዛሬም የጧፍና የረጠበ በርኖስ ሽታ ባፍንጫዬ ውል ሲል ሁለቱ ከነመቋሚያቸው ይመጡብኛል። የአባቴ ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ የየኔታ ቀጭን፣ የሚያባብል። "አንተ ስታዜም ጣራው ይረግፋል፤ እኔ እየተከተልኩ እጠግናለሁ" ይሉት ነበር። አባቴም "አንተ ስትጠግን እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ" ይላቸዋል።

አንድ ክረምት የየኔታ በጎች ገብሳችን ውስጥ ገብተው ሁለቱ ተኳረፉ። ሰላምታ እንኳ ቀረ። እናቴ "የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዲህ ከሆኑ እኛማ መተራረዳችን ነው" እያለች ታጉረመርም ነበር። እሑድ ሲደርስ ግን ሁለቱም በየቦታቸው ቆሙ። አባቴ ፊቱን እንዳኮሳተረ መራ። የኔታ ሲቀበሉት እንዴት አድርገው አሳምረው እንደተቀበሉት እንጃ፣ አባቴ ሳቁ አመለጠው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ከአንድ ዳቦ ሲቆርሱ አየኋቸው። ስለ ገብሱ ያነሣ አልነበረም።

የኔታ የሞቱት በታኅሣሥ ነው፣ ውርጩ ሣሩን አመድ ባለበሰበት ሰሞን። ደረታቸውን ታመው ሰንብተው ነበር። እኛ አውድማ ላይ ነበርን። ደወሉ ያለ ሰዓቱ ሲደወል አባቴ መንሹን ጭዱ ውስጥ ተክሎ ቆመ። "ጥበቡ ነው" አለ፣ ማንም ሳይነግረው። በሬዎቹን የፈታቻቸው እናቴ ናት።

ለቀብሩ ከየደብሩ ካህናት መጡ፤ ከመሐል ሜዳም ከራቤልም። አባቴ ጥምጥሙን እያሰረ "በፍትሐት ላይ የቆመ ሰው አያለቅስም፤ ሟቹን የሚሸኘው ጸሎት ነው" ብሎ እኔንና እናቴን አስጠነቀቀን፤ የሚያስጠነቅቀው ግን ራሱን ይመስል ነበር። የየኔታ ባለቤት እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ "ጓደኛህን ለማን ትተኸው! ማን ይቀበለው!" ይላሉ። ነፋሱ ቃላቸውን እየቆራረጠ ይወስደዋል።

አስከሬኑ ወደ ደብሩ ሲሄድ መንገድ ላይ እየቆመ ጸሎት ይደረሳል። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ቃሬዛው ወረደ፤ ካህናቱ እንደ ወትሯቸው በግራና በቀኝ ቆሙ። አባቴ መራ። ቀኙ ተከተለው። ከዚያ የግራው ተራ ደረሰና ዝም አለ። ልማድ ክፉ ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የለመዱት ድምፅ እስኪያነሣላቸው ይጠብቁ ነበር፤ ድምፁ ቃሬዛው ላይ ተኝቷል። አባቴም ጆሮውን ወደ ግራ አዘንብሎ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ቄስ "በሉ እንጂ" አሉ። የሚቀበል ግን አልተገኘም። ሴቶቹ ሙሾውን አቆሙ። ጸሎቱ ከግማሽ ቀርቶ የኔታ እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰማዩም መቃብሩም ሳይቀበላቸው የሚቀሩ መሰለኝና የእናቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ።

አባቴ ከቦታው ተነሣ። በሬሳው እግርጌ ዞሮ ወደ ግራው ወገን ተሻገረና የየኔታ ቦታ ላይ ቆመ። ያን ሻካራ ድምፁን እንደ ምንም አቅጥኖ፣ ልክ እንደ እሳቸው እያባበለ፣ ራሱ የመራውን ራሱ ተቀበለ። ከዚያ ተመልሶ ቀኝ ቆመና መራ። እንደገና ተሻገረ። ግራዎቹ እያነቡ ድምፃቸውን እስኪያገኙ ድረስ በጓደኛው አስከሬን ዙሪያ ተመላለሰ።

እሱ አላለቀሰም። ያለቀሰው ከቀብር ተመልሰን እናቴ እጁን ስታስታጥበው ነው። ውኃው አልቆ ማሰሮው ባዶውን ሲንጠባጠብ፣ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር። "አንድ እጅ አያጨበጭብም" ሲል ሰማሁት።

የግራው ቦታ ሳይውል ሳያድር ሰው አገኘ፤ ቤተ ክርስቲያን ባዶ አትቀርም። አዲሱ የግራ መሪ ድምፀ መልካም ነበሩ፤ አባቴም እስኪደክም ድረስ አብሯቸው አገለገለ፣ አንድም ቀን አላማቸው። ቤት ውስጥ ብቻውን ዳዊት ሲያደርስ ግን ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አንዱን መስመር ይተዋል።

አሁን ዓይኑ ደክሞ መሐል ሜዳ፣ እኔ በማስተምርበት ከተማ፣ ከእኔ ጋር ይኖራል። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱን በድምፅ ማጉያ እስከ አልጋችን ድረስ ይልክልናል። ያማረ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ አይሰማኝም። ያኔ አንድ ሰው ሲጎድል አገሩ ሁሉ በጆሮው ያውቅ ነበር። ዛሬ ቢጎድል ማን ይሰማዋል እያልኩ ይከፋኛል።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ማለዳ አባቴ አንዱን መስመር ብሎ ዝም ሲል፣ ልጄ ጣቷን ዳዊቷ ላይ አስሄደችና የተዘለለውን መስመር በቀጭን ድምፅዋ አነበበችለት። ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ የሚቀበለው አገኘ አልኩ።

አባቴ በዳበሳ እጇን ፈልጎ ያዘው።

"ተይ፣ የኔ ልጅ" አላት ቀስ ብሎ። "የጥበቡ ተራ ነው።"

ልጄ ዞራ አየችኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ ሦስታችንም ጠበቅን።