አብዲን የሚጠብቀው ድምፅ

ከድሬ ዳዋ በወጣሁበት ምሽት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ቢያንስ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። በባጃጁ የሸኘኝ ታናሽ ወንድሜ አብዲ ግን፣ «አቦ፣ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ጎርፉን ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ በመጨረሻም ፀሐይዋ ታይታ የማታሞቅ ይህች የጀርመን ከተማ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በአንድ ልማዳችሁ ልውቀሳችሁ፤ ለስደተኛ ክፉ ወሬ አትነግሩም። አባቴ ከተቀበረ በኋላ እንኳ እህቴ ፈቲያ ለሳምንታት፣ «ጀልዴሳ ድረስ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል፤ አትጨነቅ» ስትለኝ ነበር። ስለዚህ የአብዲ ባጃጅ ተገልብጦ አንጀቱ መጎዳቱን ከጎረቤት በሰማሁ ጊዜ «ደህና ነው» ማለቷን አላመንኩም።

«ሾርባ ጠጥቷል፣ ወላሂ» አለችኝ።

ሐኪሙ ግን በአፉ ምንም እንደማይገባ ነግሮኛል። አንጀቱ ተሰፍቷል፤ ሆዱ ግን ገና አልተዘጋም። ቁስሉ ላይ ስፖንጅ ተደርጎ በፕላስቲክ ታሽጓል፤ ማሽን በቱቦ ፈሳሹን እየሳበ ቁስሉን ቀስ በቀስ ያጠብበዋል። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ፈሳሹ እዚያው ተጠራቅሞ ይመርዘዋል።

ከዚያ ወዲህ ፈቲያን «እንዴት ነው?» አልላትም። «ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አድርጊው» እላታለሁ። ማሽኑ ካጓራ ወንድሜ አለ።

ዛሬ እሑድ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሩዝ ስቀቅል፣ ከታች የምትኖረው አከራዬ በሩን አንኳኳች።

«እሑድ ምንጣፍ በማሽን መጥረግ ክልክል ነው ብዬሃለሁ።»

«ምንጣፍ የለኝም።»

«ታዲያ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«የወንድሜ ሆድ።»

«ሐኪም ቤት ውሰደዋ!»

«እዚያው ነው ያለው።»

ክፍሉን በዓይኗ ፈትሻ፣ አልጋዬን ሁለት ጊዜ አይታ፣ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች።

«ምን አለች?» አለ አብዲ በደከመ ድምፅ። ነገርኩት። «እኔም እሑድ ማረፍ እፈልጋለሁ በላት» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አመመው።

ማጓራቱ በድንገት ቆመ።

«መብራት ጠፋ» አለች ፈቲያ። «ጄኔሬተሩ አሁን ይነሳል፤ አትጨነቅ።»

አትጨነቅ። ያኔም ያለችኝ ይህንኑ አልነበረም?

«አብዲን አነጋግሪኝ።»

«ተኝቷል።»

አሁን እኮ እያወራ ነበር። ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

ከደረጃው ላይ አከራዬ፣ «አመሰግናለሁ! አሁን ጥሩ ነው» አለች።

ይህን ስጽፍ ስልኩ አልተዘጋም። ሩዙ አርሯል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።