ከሮብ ገበያ ተሸክሜው የወረድኩት ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ የሄድኩበትን ቀን በውል አላስታውሰውም። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ የነቢያት ጾምም ገብቷል። የልጄ የአስማረ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሳምንት እንደቀረው ግን አልረሳም። ምራቴ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት እንደምትገባ ነግራኝ ነበርና።

ንጋት፣ ሮብ ገበያ

ሮብ ገበያ ካለው ቤቴ ስወጣ አመዳዩ ሜዳውን እንደ ጨው አልብሶታል። ምራቴ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ሳላነሳ ተቀበልኳት። ዓመት ሙሉ ከእጇ የተቀበልኩት እንዲሁ ነው።

ማርቆስ ሂድ ያለችኝ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እንቅልፍ እንዳጣሁ፣ ከሰው እንደራቅሁ አይታ፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሐዘንና ጭንቀት የያዘውን ሰው ሦስት ቀን አስቀምጦ ልብ ማሳረፍ ያስተምራል አለችኝ። ልብ ማሳረፍ እንዴት ያለ ትምህርት እንደሆነ አልገባኝም። የነፍስ አባቴን ባማክራቸው፣ ጸሎትህን ካላስተዉህ ምን ገዶህ አሉኝ።

ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ሃያ አድርጎ ጫነን። እግሬ ሥር የድንች ጆንያ አለ። የጮቄ ተራራ ጉም እንደለበሰ ከኋላችን ቀረ። በየመንገዱ ዳር አውድማ ይታያል፤ አውድማ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ልጄን ሆዱን ሲያመው ምራቴ ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰደው ብላ ለምናኝ ነበር። ውቂያው ይለቅና ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው በቃሬዛ ይዘነው ስንወርድ መንገድ ላይ አረፈ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ፣ ሚስቱ ምን ትሠራ ነበር አለ። እኔ ዝም አልኩ። እሷም ሽማግሌ ላለማዋረድ ዝም አለች። ሐሜቱ እሷው ላይ ቀረ።

ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። ሹፌሩ ወዴት እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ።

"አባባ፣ ያ ዝም የሚያስብሉበት ቤት ነው? እኔም ገብቼ ነበር። ወጥቼ መጮህ ስተው ሚስቴ ታመመ ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር።"

አዳራሹን ድርጅቱ ተከራይቶት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር በክብ ተደርድሯል። ገበሬ አለ፣ ባሏ የሞተባት የቄስ ሚስት አለች፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሙስሊም መምህር አለ። አሠልጣኟ ለጋ ሴት ናት። ጸጥ በሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ተከተሉ አለች። እኛ ሽማግሌዎቹ ጸጥ በሉ ሲባል የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጋቢያችንን አጣፍተን ብድግ አልንና አቡነ ዘበሰማያት ጀመርን። መምህሩም አክብሮን ተነሥቶ ቆመ። አሠልጣኟ አላቋረጠችንም፤ እጇን አጣምራ እስክንጨርስ ጠበቀች። ከዚያ፣ አሁን ደግሞ ተቀምጠን ዝም እንበል አለች። ምሳውንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምንጾመው ብላ አዘገየችው። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ሁሉ ሰማሁ።

ሦስተኛው ቀን

የከበዳችሁ ነገር የት እንደተቀመጠ ፈልጉት አለችን። ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬ ላይ ነው አልኳት። ምን ይመስላል አለችኝ። ድንጋይ አልኳት። 

"ማን ያውርድልዎት፣ አባባ?" አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ያወርድለታል። ሽማግሌ ሆኜ ስንቱን ድንጋይ አሸክሜያለሁ። አማት ለምራቱ ሲሸከም ግን አላየሁም፤ አልሰማሁምም።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

ዳገቱን ስንወጣ አውድማዎቹን አየኋቸው፤ ፊቴን አላዞርኩም። ሮብ ገበያ ከሚኒባሱ ወርጄ ለቅሶ ላይ ሲያወሩ ከነበሩት ጎረቤቶች ሁለቱን ጠራሁና ተከተሉኝ አልኳቸው። ከአጥሬ ሥር ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ምራቴ እበት ታቅፋ ከጋጥ ስትወጣ አየችኝ። እበቱ ከእጇ ወደቀ።

"ሆስፒታል እንውሰደው ብለሽ ለምነሽኝ ነበር" አልኩ፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ። "ውቂያው ይለቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ስትታሚ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።"

ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንደኛው ጎረቤት፣ ኧረ አውርጂላቸው አላት።

"አታቻኩሉኝ" አለች። "እኔ ዓመት ቆሜያለሁ።"

ቆምን። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተጠጋች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችው። ስታነሣው ክብደቱን ፊቷ ላይ አየሁት። ደጃፉ ላይ አኖረችው።

ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ጓዟ እስካሁን አልተጠቀለለም። ድንጋዩም እዚያው ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐዘን የገባበት ጎረቤት ይመጣል፤ እዚያ ደጃፍ ተቀምጠን ጥቂት ዝም እንላለን፤ የሚናገርም ይናገራል።

ማርቆስ ሄደህ ማን አዳነህ ይሉኛል። አሠልጣኟን እግዜር ይስጣት፣ ድንጋዩ ያለበትን አሳየችኝ። ያወረደችልኝ ግን ምራቴ ናት፤ ስሟ ትርንጎ ነው።