«አግኙ» የተባለው መጽሐፍ

ዳዳ ካፉይ በጋናዋ ሆ ከተማ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሰባት ዓመት ስትሠራ መጽሐፍ ፈልጋ ያጣችበት ቀን የለም። የመደርደሪያውን ሁሉ ሆድ ዕቃ ታውቀዋለች። ያ የተረገመ ደብዳቤ የመጣው ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፤ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠናውን ፈተና ያላለፈ ሠራተኛ ከመጻሕፍቱ ተነሥቶ ጽዳት ይመደባል ይላል።

አሠልጣኙስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሴሎርም! ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር አለጣጠፍ እጁን ይዛ ያስተማረችው፣ ከምሳ ዕቃዋ አክፕሌ ገንፎ ያጎረሰችው ሴሎርም። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ ተረት ብቻ ይመስላት ነበር።

አምስት ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ፊደል በአንድ ጣቷ ስትለቅም ከረመች። በስድስተኛው ቀን ፈተና ሆነ።

«ስለ ሽመና የተጻፈውን መጽሐፍ አግኙ! ሦስት ደቂቃ ነው!» አለ ሴሎርም።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ማሽኑ ላይ ተረባረቡ። ዳዳ ካፉይ ግን ብድግ ብላ ወጣች፤ ደቂቃ ሳይሞላ መጽሐፉን በቀሚሷ እየወለወለች ተመለሰች።

«ይኸው፣ አገኘሁት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ዳዳ፣ ገበያ የላክንዎት መሰለዎት እንዴ? በማሽኑ ነው እንጂ!»

«አግኙ አልክ እንጂ በማሽኑ መች አልክ ልጄ? መጽሐፍ ማግኘት ይኼ አይደል እንዴ?»

ዜሮ ጻፈላት። ሁሉም እንዲያየው ደግሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ልቡ ይደንድን! ሰኞ ጠዋት መጥረጊያ አስጨበጧት።

ከወር በኋላ ከአክራ አንዲት ባለሥልጣን የሥልጠናውን ፍሬ ለማየት መጣች። «እስቲ ስለ ዓሣ እርባታ የሚል አምጡልኝ» ከማለቷ መብራት ድርግም አለ። ማሽኑ ሞተ። ሴሎርም ላብ አጠመቀውና ወደ ኮሪደሩ ሮጠ።

«ዳዳዬ፣ በሞቴ! የዓሣው የት ነው?»

ምን ቆርጦኝ ብትለው ማን ይፈርድባታል? ግን መጽሐፍ ተጠይቃ እምቢ ማለት አታውቅበትም። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ ገባች፤ በጨለማው መደርደሪያ መሐል እጇን ሰደደችና መዝዛ ለእንግዳይቱ ሰጠቻት።

«ጉድ ነው! እናንተ ዘንድ የጽዳት ሠራተኛ እንኳ መጽሐፍ ያገኛል?»

ዳዳ ካፉይ ሴሎርምን አየችው። አንዲት ቃል ቢተነፍስላት ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

«እሷንማ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «በይ፣ ደረጃው አልተጠረገም» አላት።