ሩቅያና የዓሣው ልጋግ

ሩቅያ ዓሣ ትጸየፋለች። መጸየፍ ስላችሁ «አልወድም» ብሎ ሳህን እንደመግፋት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሽታው ገና በበር ሲገባ አፏ ምራቅ ይሞላል። ዓይኑን ሳይከድን የሚሞት ፍጥረት ምኑ ይበላል ትላለች። ቅርፊቱ ጥፍሯ ሥር የገባ እንደሆነ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ እጇ አትጎርስም።

የሚገርመው ይህች ሴት ኮሎምበስ ከተማ፣ ፖላሪስ በሚባለው ሰፈር ባለ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ክፍል አጽድታለች። ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ የማታውቀውን ሰው ፀጉር በጣቷ ጎትታ አውጥታለች። ሰክሮ ያደረ እንግዳ አንሶላ ላይ የተወውን ጉድ ፊቷን ሳታጨማድድ ጠቅልላ ወስዳለች። «እሱ ሥራ ነው» ትላለች ሲጠይቋት። «የሰው ቆሻሻ ታጥቦ ይለቃል። የዓሣ ልጋግ ግን ታጥበሽውም እጅሽ ላይ ነው።»

እንዲህ ላለችው ሴት ነው እንግዲህ ዓሣ አጥማጅ ባል የደረሳት። ሲያገባት እንኳ አጥማጅ አልነበረም። ጀማነህ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ኮሎምበስ ከገባ ጀምሮ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ያ የኮሮና በሽታ መጣና አውሮፕላኑም ቆመ፣ መንገደኛውም ጠፋ፣ ጀማነህም ዌስተርቪል ቤታቸው ሶፋ ላይ ተጎልቶ ቀረ። ያኔ ነው መርዋን የሚባለው የጓደኛው ታናሽ ወንድም፣ ሉዊስ ሴንተር የሚኖር ዕቃ አድራሽ፣ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ብቅ ያለው።

«ጋሼ ጀማነህ፣ ውጭ ነው፣ ማስክ የለ፣ ምን የለ፤ ሪላክስ ታደርጋለህ» አለው። ጀማነህም ሪላክስ አደረገ። ሩቅያ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን ሪላክስ አላደረገችም። አንድ ጠዋት ቅቤ መስሏት ከፍሪጅ ያወጣችውን ዕቃ ብትከፍተው አፈር ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ትል ይርመሰመሳል። ጩኸቷን ጎረቤት ሰማው። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጇ ኸውላ ከክፍሏ ሮጣ መጥታ አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ «ማማ፣ ኢትስ ጀስት ዎርምስ!» አለቻት። ሩቅያ ፍሪጁን በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠበችው። ቅቤውንም ከነዕቃው ጣለችው።

ይህ ሁሉ መጸየፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሏን እየተራገመች ትኖር ነበር። በ2021 ጸደይ ግን መርዋን ፎቶ ላከ። ጀማነህ ከኮሎምበስ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳው የኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ውሃው ገብቶ በተደረደረው የድንጋይ ክምር ጫፍ ላይ ቆሟል። ሐይቅ ይሉታል እንጂ ማዶው የማይታይ ባሕር ነው። ሰውየው ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ ዝልግልግ ዓሣ አንጠልጥሎ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ሩቅያ መጀመሪያ ያየችው ዓሣውን ነበርና ፊቷን አዞረች። ኸውላ ግን ስልኩን ተቀብላ አየችና በዚህኛው አልሳቀችም።

«ዳድ ካንት ስዊም» አለች፤ አባቷ ዋና አይችልም።

ያን ጊዜ ሩቅያ ፎቶውን መልሳ አየችው። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፣ የባሏ እግር ላይ ያለው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያንሸራትተው ነጠላ ጫማ ነው። ከዓሣው ይልቅ ያ ነጠላ ጫማ አንገፈገፋት።

«ቦርከና ወንዝ ውስጥ እየዋኘሁ ነው ያደግኩት» አለ ጀማነህ ሲያፋጥጡት። ሩቅያ ቦርከናን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። ልጆቹ የሚንቦጫረቁበት ቦታ በበጋ ፍየል ጉልበቷ ሳይርስ የምትሻገረው ነው። ባሏ ውሃ ውስጥ ከገባ እንደ ድንጋይ እንደሚሰምጥ አወቀች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አርፋ አልተኛችም።

እሑድ ዕለት እናትና ልጅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ኸውላ የአጥማጆችን የጥንቃቄ ደንብ ከስልኳ እያነበበች በተሰባበረ አማርኛዋ ትተረጉማለች፤ ሩቅያ ትደነግጋለች፤ ጀማነህ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ከመሄድህ በፊት ንፋሱን እይ፤ ከሰሜን በኃይል የሚነፍስ ከሆነ ውሃውን ወደ ድንጋዩ ያመጣዋልና ቤትህ ቅር። ላይፍ ጃኬቱ መኪና ውስጥ ሳይሆን ሰውነትህ ላይ፣ ያውም ተቆልፎ። ሶሉ ድንጋይ ቆንጥጦ የሚይዝ ቦት ጫማ። የጠቆረና አረንጓዴ ድንጋይ አትርገጥ። ለውሃው ጀርባህን አትስጥ። ዘንጉን ከመወርወርህ በፊት ኋላህን እይ፤ መንጠቆው የሰው ዓይን አይመርጥም። የት እንዳለህና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ቤት ያለ ሰው ይወቅ።

«ዓሣ ላጠምድ ነው ወይስ ጦር ሜዳ ልዘምት?» አለ ጀማነህ።

ኸውላ የመጨረሻውን አነበበች። «ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ማማ፣ ሬች ኦር ትሮው፤ ዶንት ጎ። ረጅም እንጨት ትሰጪዋለሽ። ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ትወረውሪያለሽ። አንቺ ግን አትገቢም።»

«እኔ ለዓሣ ብዬ ሐይቅ ልገባ?» አለች ሩቅያ።

«ለዓሣ አይደለም። ለዳድ።»

ሩቅያ ከዚያ ከራሷ አንድ ሕግ ጨመረች፤ ይህኛው ከስልክ የመጣ አይደለም። ጀማነህና መርዋን ሶላት ሲደርስ ወደ ድንጋዮቹ ወርደው ከሐይቁ ለሶላት እንደሚታጠቡ፣ ውዱእ እንደሚያደርጉ ሰምታ ነበር። «ከእንግዲህ የውዱእ ውሃ በጋሎን ከቤት ይሄዳል» አለች። «ለውዱእ ብሎ ወደዚያ ልጋግ የሚወርድ ሰው እንዳላይ።» ሕጉ መከበሩን የምታምነው በዓይኗ ስታይ ብቻ ስለሆነ፣ እየቀፈፋትም ቢሆን አብራ ለመሄድ ወሰነች።

የሄዱት ሜይ ማለቂያ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ደማቅ፣ ውሃው ግን ገና ክረምቱ ያልለቀቀው በረዶ። ሩቅያ ከመኪና ወርዳ ዙሪያዋን ስታይ መመለስ አማራት። ከድንጋዩ መሃል የተቆራረጠ የዘንግ ክር፣ የቺፕስ ላስቲክ፣ ያገለገለ ዳይፐር፣ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ላይ የዞረ የሞተ ዓሣ፣ በዚያ ሁሉ ላይ የወፍ ኩስ። «ሰው እንዴት የሚዝናናበት ቦታ ላይ ይጸዳዳል?» አለች ለማንም ሳይሆን። ሌላው ሰው ማስኩን ባወለቀበት ሰሞን እሷ ለሽታው ብላ ሁለት ደርባ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጓንትም አድርጋለች። ባሏ ላይፍ ጃኬቱን ቆልፎ፣ ቦት ጫማውን አስሮ፣ ደረቅ ድንጋይ መርጦ ቆመ። እንደተቆጣ ልጅ አኩርፏል፤ እሷ ግን ደስ አላት።

ዓሣው በላይ በላዩ ይወጣ ነበር። ኩለሩ፣ ያ ክዳን ያለው የበረዶ ሳጥን፣ በበረዶና በዓሣ ግማሽ ሲሞላ ሩቅያ ጓንቷን አውልቃ ቴምር ልትበላ አንድ አፏ ውስጥ እንዳስገባች ጀማነህ ጮኸ። ትልቅ አምባዛ ይዞታል፤ መርዋንም በራሱ ዘንግ ተጠምዷል።

«ሩቂ፣ ያዢልኝ! ከክንፉ ኋላ፣ እሾኹ እንዳይወጋሽ!»

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ያዘችው። ያ ጺማም ፍጥረት በባዶ እጇ ውስጥ ተገለባበጠ፣ በጭራው ክንዷን ጠፈጠፋት፣ ከመዳፏ እስከ ክርኗ የሚሳብ ልጋግ ለቀቀባት። ባሏ መንጠቆውን በፒንሳ እስኪያወጣ የቆየችው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቴምሯን ተፋችና ወደ ዕቃዎቹ ሮጠች።

ጋሎኑ እዚያ ነበር። ትንሽ ብቻ ብላ ከፈተችው። እጇን አሸታ አጠበች፣ አሸተተች፤ አለ። እንደገና አፈሰሰች፣ በአሸዋ ፈተገች፣ አሸተተች፤ አሁንም አለ። በሦስተኛው ጋሎኑ ቀለላት፤ ስትገለብጠው ጠብታ ወጣ። ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ክዳኑን ቀስ ብላ አጥብቃ ዘጋችና ከቦርሳው ኋላ አጋደመችው።

የአስር ሶላት ሲደርስ ጀማነህ መጣ። «ጋሎኑስ?»

«ተደፋ» አለች ሩቅያ።

እውነቱን ብትናገር ምን ትሆን ነበር? ምንም። መርዋን ይስቅ ነበር፤ ጀማነህ ደግሞ «ዓሣ ነጃሳ አይደል፣ ሶላት አያበላሽ፣ ምን አንገበገበሽ» ይላት ነበር። ያንን ሳቅ ፈርታ ነው። «ምን ችግር አለ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ» አለ ባሏ። ሕጉ የራሷ ነው፤ አትወርድም ልትለው አፏን ከፈተች። ግን ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ጋሎኑ ጋ ይደርሳል። «ተጠንቀቅ» ብቻ አለች።

ጀማነህ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሊሰበስብ ላይፍ ጃኬቱን አወለቀ። እግሩን ሊያጥብ ቦት ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። የወር ጭቅጭቅ ያለበሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በባዶ እግሩ ወደ አረንጓዴው ወረደ። ሩቅያ እያንዳንዷን አየች፤ አፏ ግን ተለጉሞ ቀረ።

ሲወድቅ አልጮኸም። ሰው ሲሰምጥ ይጮኻል መስሏት ነበር፤ ጀማነህ ግን ቅዝቃዜው ትንፋሹን ነጥቆት አፉን ከፍቶ ብቻ አያት። ማዕበሉ ወደ ውስጥ ሳበው። መርዋን ጫማውን እያወለቀ ሊዘል ሲል ቀበቶውን ከኋላ አነቀችው።

«አትግባ! እንጨት ያለው መረብ አምጣ! ሁለታችሁን ማውጣት አልችልም!»

ላይፍ ጃኬቱን አንስታ ወረወረች፤ ንፋሱ መልሶ እግሯ ሥር ጣለው። የቀረው ኩለሩ ነበር። ብታነሳው ከበደ። ከፈተችና ወደ ራሷ ገለበጠችው፤ በረዶው፣ ደሙ፣ ዓሣው፣ ያ አምባዛ ሳይቀር ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት እንኳ ቀፈፋት፤ አልዋሻችሁም። ክዳኑን ዘግታ በሁለት እጇ ባላት ኃይል ወረወረችው። ጀማነህ አንዴ ጠልቆ ሲወጣ አገኘውና እንደ ሕፃን አቀፈው። ማዕበሉ ሲመልሰው መርዋን በሆዱ ተኝቶ የመረቡን እንጨት አቀበለው፤ ሩቅያ ልጋጉ ላይ ተንበርክካ የመርዋንን እግር ይዛ ሳበች።

ጀማነህ ደረቁ ላይ ሲደርስ የሐይቁን ውሃ ጭኗ ላይ አስታወከ። ቅልጥሙ ተልጧል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እርጥብ ልብሱን ገፈው፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈቱ። ሌላ አጥማጅ የጠራው አምቡላንስ መጥቶ ሳንባውን አዳምጦ ደህና ነው አለ። ሩቅያ ግን መታጠቢያ ውሃ አልጠየቀችም። ቅርፊት ፀጉሯ ላይ ደርቆ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ዌስተርቪል ተጓዘች። ዓሣውን አይደለም የተጸየፈችው፤ ያችን «ተደፋ» ያለችውን አፏን ነው።

ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍክ» ሊል ቤታቸው መጣ። ጀማነህ ለሁሉም «ማዕበል ነው፤ የውዱእ ውሃውም ተደፍቶብን» እያለ ይናገራል። ይህን ባለ ቁጥር ሩቅያ ሻይ ልታመጣ ትነሳለች። 

በወሩ ጀማነህ እንደገና ዕቃ ጫነ። ቦት ጫማውን ማንም ሳይነግረው አስሯል። ሩቅያ ጋሎኑን ሞልታ ስታቀብለው ተቀብሏት ክዳኑን በእጁ ሞከረና ዓይኗን ሳያይ እንዲህ አለ፤

«ጥሩ ነው፣ ጠብቋል። ያን ቀንም እኮ እንደዚሁ ጠብቆ ተዘግቶ ነው ባዶውን ያገኘሁት።»

ጋሎኑን ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጦ መኪናውን አስነሳ።

አሁን ሩቅያ ሁልጊዜ አብራው ትሄዳለች። ዓሣም ትይዛለች፣ ሆዱንም በቢላ ትቀድዳለች። ለምዳው እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬም ፊቷን አዙራ ትተፋለች። የአስር ሶላት እስኪደርስ ግን ልጋጉ እጇ ላይ እየደረቀ፣ ቆዳዋን እየጨመደደ፣ ጣቶቿን ከራሷ አርቃ ጋሎኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ባሏ ውዱኡን አድርጎ እግሩን ደረቅ ድንጋይ ላይ አጥቦ ሲጨርስ፣ የተረፈ ጠብታ ካለ፣ እሷ ትታጠባለች።