የባለወፍጮው ግሪክ ድንጋይ

አሰለፈች ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ዛሬ ደብረ ታቦር ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ፎቶ ታነሳለች። ቁጡ ናት። «ፈገግ በል እንጂ!» ብላ ደንበኛዋን የምትቆጣ ፎቶ አንሺ ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ባለፈው ጥቅምት ከግሪክ አገር መልእክት ደረሳት። በየአገሩ የቀረውን የግሪኮች መቃብርና ሕንጻ በፎቶ እየሰበሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። ጉና ሥር ወፍጮ ተክሎ የኖረ አንድ ወገናቸው እንዳለ ሰምተዋል፤ ስሙን ግን አያውቁምና መቃብሩን ፎቶ አንሺልን አሏት። የአገሬው ሰውም «ባለወፍጮው ፈረንጅ» ከማለት በቀር ስም አልያዘለትም። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የእሱስ ከመቃብሩም ላይ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ ጠፍቷል።

እኔ ተዪው ብያት ነበር። እሷ ግን ጓደኛዋ ትዝታ ቤይሩት ሞታ እዚያው ተቀብራባታለች፤ መቃብሯ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። «በሰው አገር ስም አጥቶ መተኛትን አንተ ምን ታውቃለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። አፍሬ አብሬያት ሄድኩ።

መቃብሩ ከአቶ ሞገስ የገብስ ማሳ ዳር ነው። ሽማግሌው መምጣታችንን በስልክ ሰምተው ኖሮ፣ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ኖራ ቀብተው ጠበቁን። አንድም ፊደል አይታይም።

«ምነው አባቴ! ምን አደረጉት?» ብላ ጮኸች።

«እንግዳ ሊመጣበት እንደ ቆሸሸ ይቆይ፣ ልጄ? ሽበቱን ፍቄ፣ አሳምሬ ቀባሁት። ለክብሩ ብዬ ነው» አሉ።

አሰለፈች የሻሿን ጫፍ በውሃ ነክራ፣ ገና ያልደረቀውን ኖራ ከድንጋዩ ፊት በቀስታ ጠረገችው። ከላይ ያለው ሲለቅ፣ የተቀረጸው ውስጥ የገባው ነጭ ሆኖ ቀረ። ፊደሉ አንድ በአንድ ወጣ። ማናችንም ማንበብ አልቻልንም፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። እሷ በየአቅጣጫው ፎቶ አንስታ ላከችላቸው።

በማግስቱ መልስ መጣ፤ ስሙ ቆስጠንጢኖስ ነው። ለአቶ ሞገስ ደወለች።

«ቆስጠንጢኖስ? የእኛው የክርስትና ስም ነዋ!» አሉ። «በሉ፣ ነፍስ ይማር ቆስጠንጢኖስ።»

ግሪኮቹ በምን እናመስግንሽ ብለው ጻፉላት። ብዙ አላሰበችም። የቤይሩቱን መቃብር ቁጥር ልካ፣ ከሥሩ እንዲህ አለች፦ «ቤይሩት ሰው ካላችሁ፣ ይህችኛዋ ትዝታ ጌጡ ትባላለች።»