የወንድሜ ጀርባና የእኔ ጣት

ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። መገጣጠሚያው ላላ ስለሚል እንዲህ መቆሙ አይገርምም ብሎኛል ሐኪሙ። እኔ ግን መቼ ሰምቼ! አየር ጤና ከታክሲ በወረድን ቁጥር፣ ሰው «ምስኪን» ሳይለው ልቅደም ብዬ ጀርባውን በሌባ ጣቴ ወጋ አደርገዋለሁ። «ቀና በል!» ቀና ይላል። ትንሽ ሳንራመድ ተመልሶ ይጎብጣል።

ሠርጌ ሲደርስ፣ አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ ከቤት ይዞኝ ወጥቶ ለሙሽራው የሚያስረክበኝ ወንድሜ ነው አልኩ። አጎቴ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ቪዲዮው ላይ ጎብጦ ሲታይ ሰው ምን ይላል? እኔ አለሁልሽ።»

«ሰው የፈለገውን ይበል!» ብዬ ወንድሜን ኮልፌ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። እሱማ ሳምንቱን ሙሉ ከመጥረጊያ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ሲለማመድ ነው የከረመው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጀርባው ላይ ሲያሳርፉ ቀጥ! ጣቴ መስሎታል። እኔም ደስ ብሎኝ እንደዚያው ቀጥ እንዳለ አስለካሁት።

ኮቱ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ጎበጥ ብሎ ሲቆም ኮቱ ከፊት ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ከኋላ ቀበቶው ይታያል።

«ምን ዓይነት ስፌት ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ የለካሁት ሌላ ሰው ነው!» አሉ እሳቸውም ቱግ ብለው።

ስንጨቃጨቅ ወንድሜ ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አጎቴ ይውሰዱሽ» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ልብስ ሰፊውም ጭቅጭቁን ተዉ። ከዚያ ሜትሩን ኪሳቸው ከተቱና ሚሪንዳ አስመጡለት። ኮቱን መልሰው አለበሱት። በሩ ላይ ቆሞ መንገደኛውን እያየ ሲጠጣ፣ በዓይናቸው ብቻ እየለኩ በጠመኔ አሰመሩ። ከፊት አሳጠሩ፣ ከኋላ የታጠፈውን ለቀቁ።

«አሁን በራሱ ጀርባ ልክ ሰፍቼለታለሁ፤ አንቺ ብቻ አትንኪው» አሉኝ።

የሠርጉ ዕለት ካሜራውን ሲያይ ግን ይሄ ልጅ ቀጥ አለ። ኮቱ ከፊት ሽቅብ ተሰቀለ። ትንፋሹን ይዞ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጎበጥ በል» አልኩት በጆሮው። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ብዬው አላውቅም። በጥርጣሬ አየኝ።

«ጣትሽስ?»

እጄን በክንዱ ውስጥ አሳለፍኩለት። ትከሻው ወረደ፣ ኮቱ ልክክ አለ። ተያይዘን ወጣን።

በሩ ላይ እጄን ለሙሽራው ሊያስረክብ ሲል ሌባ ጣቴን ለይቶ አነሳና አሳየው። «በዚህ ትወጋለች» አለው። «ያማል።»

ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዬ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ግን ሜካፕ ምናምን ሳልል አለቀስኩ። ስንት ዓመት ስወጋው፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎኝ አያውቅም።