የኔነህ የሸጠው ድምፅ

ዲያቆን የኔነህ በቁሐር ሚካኤል የጳውሎስን መልእክት ሲያነብ አሮጊቶች ሳላቸውን ይውጣሉ። ባለፈው ሰኔ ወረታ ያለ አንድ የፀረ አረም ነጋዴ ይህን ድምፅ ለማስታወቂያ ቀረጸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ባጃጅ ላይ ተጭኖ እስከ ይፋግ ይዞራል።

«ብልህ ገበሬ ገዝቷል! አንድ ጊዜ ርጭ፣ ክረምቱን ተኛ! ለወንፈል ደጅ መጥናት ቀረ! እስከ ቅዳሜ ብቻ!»

እስኪ በዝግታ እንፍታው፤ አሠራሩ በእውነት ያስደንቃል። «ብልህ ገበሬ» ሲል ያልገዛውን ሞኝ ያደርገዋል። «እስከ ቅዳሜ» የማሰቢያ ጊዜ ይነጥቃል። «ደጅ መጥናት» ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት ተራ በተራ የሚያርምበትን ወንፈል ልመና አስመሰለው። ከሁሉ የረቀቀው ግን ያልተነገረው ነው፤ ድምፁ የመቅደስ ድምፅ መሆኑ። ቃላቱን ያቀናበረውም ራሱ የኔነህ ነው። መድኃኒቱን ግን ሞክሮት አያውቅም።

ነሐሴ ሲገባ አክስቱን ወለተ ሐናን ሊጠይቅ ሄደ። ሩዛቸው በአረም ተውጧል። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ከዚያች ማሳ ሌላ የላቸውም።

«እቴቴ፣ ምነው ወንፈሉ አልመጣም?»

«ዘንድሮ አልገባሁም። አንተው አይደለህ ቀረ ያልኸኝ?» አሉት ሳይቆጡ። «ያንተን ቃል መቼ ጠርጥሬ አውቃለሁ?»

እሳቸው የረጩትን የፀረ አረሙን ጠርሙስ አንስቶ አገላበጠው። ከታች በደቃቅ ፊደል «ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ አይረጭም» ይላል። በክረምት ፎገራ ላይ ውኃ ያልተኛበት ማሳ የት ይገኛል?

በቀጥታ ወደ ወንፈሉ አስተባባሪ ወደ ባየህ ሄደ።

«ዲያቆን! ክረምቱን ተኛ ብለኸን፣ አንተ ሳትተኛ?» አለ ባየህ። አብረውት የነበሩት የወንፈሉ ሰዎች ሳቁ። የኔነህ መሬት መሬት አየ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አክስቴን እርዱልኝ።»

«አንድ ቀን እንወጣለን። አንተ ግን ለዘጠኛችን ዘጠኝ ቀን ታርማለህ።»

በማግስቱ አሥር ሆነው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ከማሳው ግማሹን ለማትረፍ ደርሰዋል፤ ግማሹ ግን አረሙ አንቆት ቢጫ ሆኗል። እኩለ ቀን ላይ ባጃጁ በመንገዱ አለፈ፤ ሁለት ወር ሙሉ ያላለቀውን «እስከ ቅዳሜ ብቻ!» እያሰማ። የኔነህ እንዲያቆሙት ለምኖ ነበር፤ ነጋዴው «ድምፁን ሸጠኸዋል» ብሎታል።

ወለተ ሐና ቀና አሉ። «አቤት ድምፅ!» አሉ ፈገግ ብለው።

የኔነህ አላየም፤ ቢጫው ሩዝ መሃል ጎንበስ ብሎ እየነቀለ ነበር።